ቀድሞ የደወለ ሁሉ ሒሳብ ያውቃል?

መቀሌ በሚገኘው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የመንደርደሪያው አንዱ ጫፍ 11፣ ሌላው 29 ይባላል። በደወል የሚካሄድ የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር «ልዩነታቸው ስንት ነው?» ብሎ፣ ቀድሞ «18!» ያለውን ይሸልማል። ይሄ የፍጥነት ፈተና ነው። ዋናው ጥያቄ «በየትኛውም መንደርደሪያ ለምን 18 ይሆናል?» የሚለው ነው። እስቲ አስቡት፦ ቁጥሩ በኮምፓስ ከሰሜን የሚለካው አቅጣጫ ለ10 ተካፍሎና ተጠጋግቶ የሚገኝ ነው፤ ተቃራኒ አቅጣጫዎች ደግሞ በ180 ዲግሪ ይለያያሉ። አለቀ!

ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ለ6 ጥያቄዎች በ2 ቀን 9 ሰዓት ይሰጣል፤ ግማሽ መንገድ የሄደ መልስም ነጥብ ያገኛል። እናንተም ውድድር ስታዘጋጁ ደወሉን ተዉትና ወረቀት ስጡ። አለዚያ ቀስ ብሎ የሚያስበው ጓደኛችሁ «ሒሳብ አይሆንልኝም» ብሎ ይቀራል።