ዋልካና በስባሽ ፕላስቲክ፤ ስለ ድርብርብ ማዕድን መሙያዎች ምርምር የቀረበ ሂስ

ከከሚሴ ከተማ ወጥቶ ወደ ጨፋ ሜዳ የወረደ ሰው የዋልካን ጠባይ ከመጽሐፍ መማር አያሻውም። በክረምት የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለዚህ ጠባይ ምክንያቱ ስሜክታይት የሚባለው የድርብርብ ማዕድናት ወገን ነው። የዚሁ ወገን አባል የሆነው ሞንትሞሪሎናይት ደግሞ በስባሽ ፕላስቲክን ለማጠንከር በምርምር ዘንድ በብዛት የሚመረጥ መሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ በዘርፉ የሚወጡት ጥናቶች የሚከተሉትን መንገድ መርምሮ፣ የሚያስተማምነውን ከችኩሉ ለመለየት የቀረበ ነው።

የሞንትሞሪሎናይት አንድ ንጣፍ ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ያህል፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጾች ተደራርበው ይገኛሉ። የፖሊመር ሰንሰለት በመካከላቸው ሲገባ ይራራቃሉ፤ ፈጽመው ሲበታተኑም ጥቂት ሸክላ ብዙ ፕላስቲክ ያጠነክራል። በጃፓን የቶዮታ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ከ5 በመቶ ያነሰ ሸክላ ከናይሎን ጋር አዋሕደው፣ ፕላስቲኩ በሙቀት የሚጎብጥበትን ደረጃ ከ65 ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ወደ ስታርችና ወደ ፖሊላክቲክ አሲድ ተዛምቷል።

የመጀመሪያው ሂስ አዘገጃጀቱን ይመለከታል። ብዙዎቹ ጥናቶች የሚነሡት በፋብሪካ ተጣርቶ ከተሸጠ ሸክላ ነው። 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ዋልካ እንዳላት ለሚነገርላት አገራችን ግን ዋናው ጥያቄ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ አሸዋ፣ የብረት ኦክሳይድና ብስባሽ የተቀላቀለበትን አፈር እንዴት እናጥራው? የጥራቱ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ዐቅም በላይ አይደለም። በ20 ዲግሪ ሙቀት 2 ማይክሮሜትር ስፋት ያላት ቅንጣት በውሃ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ለመዝቀጥ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። በመሆኑም በብርጭቆ ዕቃ ተበጥብጦ ከ8 ሰዓት በኋላ ከላይኛው 10 ሴንቲሜትር የተቀዳው ውሃ የሚይዘው ደቃቁን ሸክላ ነው። ይህን የሠራ ተማሪ የምርምሩን በር አንኳኩቷል።

ሁለተኛው ሂስ መለኪያውን ይመለከታል። በኤክስሬይ ምርመራ የንጣፎቹ ርቀት ሲጨምር ምልክቱ ወደ አነስተኛ ማዕዘን ይሸጋገራል። በ0.154 ናኖሜትር ሞገድ ሲለካ ምልክቱ ከ7.3 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ፣ ርቀቱ ከ1.2 ወደ 1.77 ናኖሜትር አድጓል ማለት ነው። ችኮላው የሚታየው ምልክቱ ሲጠፋ ነው። አንዳንድ ጸሐፊ ወዲያውኑ «ንጣፎቹ ፈጽመው ተበትነዋል» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ሸክላው ጥቂት ከሆነ፣ ወይም ሥርዓት አጥቶ ከተከማቸ፣ ምልክቱ እንዲሁ ይጠፋል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያልተረጋገጠ ድምዳሜ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሦስተኛውና ከባዱ ሂስ «በስባሽ» የሚለውን ቃል ይመለከታል። ፖሊላክቲክ አሲድ በወራት ውስጥ የሚበሰብሰው 58 ዲግሪ ያህል ሙቀት ባለው የኢንዱስትሪ ብስባሽ ክምር ውስጥ ነው። የጨፋ አፈር ይህን ሙቀት አያገኝም፤ በበጋ ከአፋር ጭምር መጥቶ በሜዳው የሚሰማራው ከብት ሆድም 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በላቦራቶሪ «በስባሽ» የተባለ ከረጢት በላም ሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፌስታል ሳይበሰብስ ሊቀመጥ ይችላል። ስታርች ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ሆኖም ውሃ ስለሚስብ ይላላል። ሸክላው ይህን ድክመት ሲቀንስ መበስበሱንም እንደ ዓይነቱ ሊያፋጥን ወይም ሊያዘገይ ይችላል። ጥንካሬን ለክቶ መበስበስን ያልለካ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው። ስታርቹ ከየት ይምጣ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብን ባየው በወሎ ምድር፣ የሰው ምግብ የሆነ እህል ለከረጢት ይዋል ማለት በብርቱ መታሰብ ያለበት ነገር ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቋል። ፌስታል ሲታገድ በምትኩ «በስባሽ ነው» እየተባለ ብዙ ዕቃ መቅረቡ አይቀርም። ዕቅድ አውጪው የሚሰጠው ፈቃድ በየትኛው አፈር፣ በምን ሙቀት፣ በስንት ወር ይበሰብሳል ለሚለው ጥያቄ በሚቀርብ መልስ ላይ መመሥረት ይገባዋል። መምህሩም ከረጢቱን ቆርጦ በትምህርት ቤቱ ግቢ መቅበር፣ በየወሩ አውጥቶ መመዘንና ውጤቱን ከተማሪዎቹ ጋር መመዝገብ ይችላል። የኤክስሬይ መሣሪያ ባይኖረውም፣ የምርምሩ ሁሉ የመጨረሻ ዳኛ የሆነው አፈር ከእጁ አልራቀም።