ውኃ ሞልተን ሄድን

ድሬዳዋ፣ በምሠራበት ግቢ ውስጥ፣ አትክልቱ መሃል አንዲት ኩሬ አለች። ስትመረቅ ፏፏቴም ዓሣም ነበራት። ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ አለቀ። ፓምፑ ሲቆም የሚያስጠግነው ጠፋ፤ ቅጠል እየረገፈባት፣ ፕላስቲክ እየተጣለባት ዓሦቹም አለቁ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ «የጽዳት ዘመቻ» ተባለና እኔም ቦቲዬን አጥልቄ ገባሁ። የበሰበሰው ቅጠል እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ በነካነው ቁጥር የገማ እንቁላል ይሸታል። በባልዲ ስንቀባበል ያልተሰበረ የሻይ ብርጭቆ ወጣ፤ ሻይ የምታፈላልን ልጅ «የኔ ነው!» ብላ ወሰደችው። ፎቶ አንሺው ብቅ ያለው ግን ጭቃው አልቆ ንጹሕ ውኃ ስንሞላ ነው።

«ፓምፑስ?» አልኩ።

«በጀት ሲለቀቅ!»

ዓሣ የሌለበት፣ የማይንቀሳቀስ ንጹሕ ውኃ ለማን እንደሚመች እኛ ድሬዎች እንዴት ይጠፋናል? እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜልና ገንዳ ይበቃታል። በ2022 ዝናብ በሌለበት ወራት ከተማችንን ባመሰው ወባ እጇ እንዳለበት ጥናት አሳይቷል። ዘበኛችን ጥናቱን አላነበቡም። «እናንተ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከሷ ጋር የማድረው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ውኃው ይደፋ ብዬ ጻፍኩ። «በዘመቻ የተሞላን ውኃ ማን ፈቅዶ ይደፋል?» ተባልኩ። ትናንት በጣሳ ጨልፌ ሳይ እጮች ይወራጫሉ። ዛሬ ማታ እኔና ዘበኛው በባልዲ እንጀምራለን።