ኒኮላይ ጉሚልዮፍና «የሐበሻ ዘፈኖች»፦ ስለ ግጥም ትርጉም አንድ ጥያቄ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሩሲያዊውን ገጣሚና ተርጓሚ የኒኮላይ ጉሚልዮፍን ሕይወት በሙሉ መተረክ አይደለም። ለግጥም ትርጉም ጥብቅ ሕግ ያወጣው ይህ ሰው በአገራችን ስም ካሳተማቸው ግጥሞች የትኛው ትርጉም፣ የትኛውስ የራሱ ፈጠራ እንደ ሆነ መለየት ነው። እኔም ልዩነቱን ሳላስተውል ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ ተሳስቼ አስተምሬአለሁ፤ ስለዚህ ጽሑፉ በከፊል የራስ እርማት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉሚልዮፍ በ1886 በክሮንሽታት ተወለደ። በጻርስኮዬ ሴሎ ሲማር የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ኢኖኬንቲ አኔንስኪ ነበር፤ እርሱም ገጣሚና የኤውሪፒደስ ተርጓሚ ነው። ጉሚልዮፍ የመጀመሪያ መድበሉን በ1905 አሳተመ፤ በ1910 ገጣሚዋን አና አኽማቶቫን አገባ። ኋላም አክሜይዝም ከተባለው የሥነ ግጥም እንቅስቃሴ መሪዎች አንዱ ሆነ። እንቅስቃሴው የቀደሙትን ገጣሚዎች ጭጋጋማ አነጋገር ትቶ የሚታየውንና የሚዳሰሰውን በጠራ ቃል መግለጽን ይሻ ነበር። ከ1909 መጨረሻ እስከ 1913 ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥቷል። በመጨረሻው ጉዞ የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ቤተ መዘክር ልኮት በድሬዳዋና በሐረር አልፎ እስከ ሼክ ሁሴን ደርሷል።

በ1912 ባሳተመው መድበል ውስጥ «የሐበሻ ዘፈኖች» የሚል የጋራ ርእስ የተሰጣቸው አራት ግጥሞች አሉ። አንዱ በጣሊያኖች ላይ የሚፎክር የጦር ዘፈን ነው። ሁለተኛው አምስት ዓመት አገልግሎ አምስት በሬ ያገኘ፣ ሁሉንም በየተራ ያጣ ሎሌ የሚናገረው ነው። ሦስተኛው በአውሮፓዊ ጌታ አለንጋ ሥር ያሉ ባሮች ዘፈን ሲሆን፣ አራተኛው ስለ ዛንዚባር ልጃገረዶች ያወራል። እነዚህን ግጥሞች በእንግሊዝኛ አንብቤ፣ ከሕዝባችን አፍ የተለቀሙ ናቸው እያልሁ አስተምር ነበር። ቤት አለመምታታቸውንም የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ጉድለት አድርጌ ቈጠርሁት።

ስሕተቴ የታወቀኝ ሩሲያኛ የሚያውቅ አንድ ባልደረባዬ ግጥሞቹን በመጀመሪያ ቋንቋቸው ሲያነብልኝ ነው። ትርጉሙን ባልረዳም ጆሮዬ የስንኞቹን መጨረሻ ይጠብቅ ነበር። አራቱም ቤት አይመቱም! ፉከራም ሆነ እንጉርጉሮ፣ ቤት ሳይመታ ከአማርኛ ዘፋኝ አፍ ይወጣል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የጉሚልዮፍ የትርጉም ሕግ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ማክሲም ጎርኪ ባቋቋመው «የዓለም ሥነ ጽሑፍ» ማተሚያ ቤት ሲሠራ፣ በ1919 ግጥም ተርጓሚ ሊጠብቃቸው የሚገባቸውን ዘጠኝ ነገሮች ዘርዝሯል። እነርሱም የስንኞች ቁጥር፣ ምጣኔ፣ የቤት አመታት ቅደም ተከተል፣ ሐሳብ ከስንኝ ወደ ስንኝ የሚሻገርበት መንገድ፣ የቤት መምቻው ባሕርይ፣ የቃላቱ ዓይነት፣ የንጽጽሩ ዓይነት፣ ልዩ ብልሃቶችና የቃና ሽግግር ናቸው። ከዘጠኙ ሁለቱ ስለ ቤት አመታት መሆናቸውን ልብ ይሏል። እንዲህ ያለ ሰው የአማርኛ ዘፈን ቢተረጉም ቤቱን እንደ ዋዛ ባልጣለው ነበር። በእርግጥም አራቱ ግጥሞች የራሱ ፈጠራዎች ናቸው። ዛንዚባርን ከሐበሻ ጋር ያገናኘው የአገራችን ዘፋኝ ሳይሆን የገጣሚው ምናብ ነው።

ጉሚልዮፍ የተጓዘው በአብዛኛው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ በሚነገርበት ምድር ስለ ሆነ የአማርኛ ቤት አመታት መለኪያ ሊሆን አይገባም የሚል ይኖር ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «የሐበሻ» የሚለው ስያሜ የዘፋኙን ቋንቋ ጭምር እንደሚሸፍን ያሳያል እንጂ ግጥሞቹን ትርጉም አያደርጋቸውም።

ከእነዚህ ፈጽሞ የሚለዩት በጉዞው የሰበሰባቸውና ወደ ሩሲያኛ የመለሳቸው ዘፈኖች ናቸው። እዚህ ያለው ጥያቄ ይከብዳል። ፈረንሳዊውን ጎቲየን ሲተረጉም ቋንቋውን ያውቅ ነበር። በ1919 የታተመውን ጊልጋሜሽን ከፈረንሳይኛ ሲመልስ የባቢሎንን ቋንቋ የሚያውቀው ሺሌይኮ በአጠገቡ ነበር። በእኛ አገር ግን የነበረው አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ የነገሩን ሐሳብ ያቀብላል፤ ኅብረ ቃሉን ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ሰምና ወርቅ በጉሚልዮፍ ዝርዝር ውስጥ «ልዩ ብልሃቶች» ከሚለው ሥር ይገባ ይሆናል። ለእኛ ግን አንዳንዴ ብልሃቱ ራሱ ግጥሙ ነው። በእኔ እምነት የዘጠኙ ሕግጋት ድካም ይህ ነው፦ ተርጓሚው የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምቶታል ብለው ይነሣሉ።

ይህን ስል ውለታውን መካዴ አይደለም። ጉሚልዮፍ ባለቅኔ ሆኖ የሕዝብን ዘፈን ለመስማት በበቅሎ ተጉዟል። በነሐሴ 1921 በሤራ ተከሶ በ35 ዓመቱ ተረሸነ፤ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1986 ድረስም ግጥሞቹ በሶቪየት ኅብረት ሳይታተሙ ቆዩ። የእርሱ ስም ከዚያ ዝምታ ወጥቷል። ዘፈኖቹን ያቀበሉት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ስም የላቸውም። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ተማሪ የሩሲያኛውን ጽሑፍ ይዞ ከቃል ግጥሞቻችን ጋር ቢያስተያይ፣ ምናልባት ከጠፋው ቤት ጥቂቱን ይመልስልን ይሆናል። እስከዚያው አራቱን ግጥሞች የማስተምረው እንደ ሩሲያኛ ግጥም ነው፤ መልካም የሩሲያኛ ግጥሞችም ናቸው።