ብሔርዎ?

በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ አዛውንት አሉ። ጸሐፊው ቀና ሳይል “ብሔርዎ?” አላቸው።

“ቡልጋ።”

“እሱ የትውልድ ቦታ ነው አባባ! ብሔርዎን ነው ያልኩት።”

“ነገርኩህ እኮ ልጄ፤ ቡልጋ!”

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም፣ አዲስ የተቀጠርኩ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ አብሬ ሳቅሁ። ያፈርኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸዋ! በግእዝ ብሔር አገር ነው፣ ምድር ነው። ብሔረ ሕያዋን የሕያዋን አገር ነው። ብሔራዊ ቴአትር፣ ብሔራዊ ባንክ፣ ብሔራዊ ቡድን ስንልም የአገር ማለታችን ነው። “ብሔራዊ” ሲባል የሚሰበስበን ቃል “ብሔር” ሲባል በየረድፋችን ያቆመናል። በቅርቡ የመጣው ብሔራዊ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ብሔር አይጠይቅም። ይህን ለውጭ አገር ሰው አስረዳ ብትሉኝ እንጃ።

ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሳው በእንግሊዝኛ በጻፈው ጽሑፍ ነበር። በአብዮቱ ዘመን አማርኛችን ለዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ስም ሲፈልግ ብሔርን አዲስ ሥራ ላይ አሰማራው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከቃሉ የከበደ ነበር። በተወለደበት ቀዬ በአስተርጓሚ ለሚከራከር ሰው የግእዝ ሥርወ ቃል ምን ይፈይድለታል? ቃሉ ስለተሳሳተ ጥያቄውም ውሸት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም።

የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 እስቲ ገልጣችሁ አንብቡ። ለብሔር፣ ለብሔረሰብና ለሕዝብ የሰጠው ትርጉም አንድ ነው። (ተማሪዬ እንዲህ ቢጽፍልኝ ማርክ እቀንስበት ነበር።) ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. ከሰጠው ብያኔ ጋር ስታስተያዩት የኢኮኖሚው ትስስር ቀርቶ፣ የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን ገብቷል። ቋንቋ አለ፣ ባህል አለ፣ መልክዓ ምድር አለ። ደም ግን የለም። አባትም የለም።

ታዲያ አባትን ማን አስገባው? እኛው ነን። ሕጉ ብሔር ያለውን እኛ በየቡናው “ዘርህ ምንድን ነው?” እያልን እንጠያየቃለን። ዘር የገበሬ ቃል ነው፤ ስንዴ ዘርቶ ጤፍ ያጨደ የለም። ሕጉ እምነት ያለውን አፋችን ትውልድ አደረገው። ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ኬላ ላይ የቆመው ገዳይ ያነበበው መታወቂያ ላይ የተጻፈችውን አንዲት ቃል ነው። በእኛም አገር በማንነቱ ተለይቶ የተገደለው ሰው፣ ምን ብለህ ታምናለህ ተብሎ አልተጠየቀም።

ጎሳ የሚባልም አለ። በሶማሌዎች ዘንድ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። በጋዜጦቻችን ግን፣ የምጽፍባቸውን ጨምሮ፣ ስድብ ሆኗል፤ የእኛ ብሔር ነው፣ የእነሱ ጎሳ።

ወደ ሰልፉ ልመልሳችሁ። ከአዛውንቱ ቀጥላ አንዲት ወጣት ነበረች። አባቷ ኦሮሞ፣ እናቷ ጉራጌ፤ ያሳደገቻት እናቷ ናት። “ሁለቱንም ጻፍልኝ” አለችው።

“የአባትሽ ነው የሚጻፈው።”

“የት ነው እንደዚያ የሚለው?”

ጸሐፊው ወደ ሰልፉ ተመለከተ። እኛም እንድትቸኩል ተመለከትናት። ዝም አለች፤ የአባቷን ጻፈላት። ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። ሳልጠየቅ የአባቴን ነገርኩት።