ውሸታሙ ቀርጤሳዊና የስፔንሰር ብራውን ምልክት

ቲቶ 1፥12-13ን ሲያስተምሩ «ወገኖቼ ውሸታሞች ናቸው የሚል ቀርጤሳዊ ራሱስ ይታመናል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ስፔንሰር ብራውን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የቅርጽ ሕጎች» ሎጂክን በአንድ ምልክት ብቻ ገነባ፤ ምልክቱ ውስጥን ከውጭ የሚለይ ድንበር ነው። ደጋግመው ቢጠሩት ያው አንድ ነው፤ ተሻግረው ዳግም ቢሻገሩት እንዳልተሻገሩ ይቆጠራል። ራሱን የሚጠቅስ አነጋገር ግን ወደ ራሱ ተመልሶ ይገባና በእውነትና በሐሰት መካከል ይዋልላል፤ ይህን ምናባዊ ዋጋ ይለዋል። (ሰምና ወርቅም ሁለት ትርጉም ይይዛል፤ አንዱ ግን ሌላውን አይሽርም።)

ውበቱን አልክድም። ይሁን እንጂ ባናሼቭስኪ በ1977 እንዳሳየው መሠረታዊ አልጀብራው የጆርጅ ቡል አልጀብራ በሌላ አጻጻፍ ነው፤ መዋለሉም እንቆቅልሹን ይስለዋል እንጂ አይፈታውም። ለቲቶማ ጭራሽ አያስፈልግም። የቀርጤሳዊው ቃል በጥብቅ ሲመዘን ሐሰት ቢሆን እንኳ፣ የሚከተለው አንድ ቀርጤሳዊ አንድ ጊዜ እውነት መናገሩ ብቻ ነው። ጳውሎስ ያጸናውም የሕዝቡን ጠባይ እንጂ ልዩነት የሌለው ሕግ አይደለም።

ይህን ምናባዊ ዋጋ የሥላሴ ምሳሌ አድርገው ወደ መድረክ እንዳያወጡት ግን እለምናለሁ። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ እየተፈራረቁ የሚታዩ አይደሉም፤ ያ የሰባልዮስ ትምህርት ነው።