መጀመሪያ የሚያሸት መካኒክ

ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ያሽከረክራል፤ ባትሪውም ጉልበት አለው። ሞተሩ ግን እንቢ ይላል። በሦስተኛው ሙከራ እየተናነቀ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይነሳል፤ ግቢው በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የያዘ ሰው ይህን ጠዋት ያውቀዋል። የመካኒክን ሙያ መመዘን ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፤ ሕመሙ አንድ ይምሰል እንጂ መነሻው ብዙ ነውና። ምናልባት ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ምናልባት ኢንጀክተር ያንጠባጥባል፣ ምናልባት ሴንሰር ይዋሻል። ዕቃ ቀያሪው ሁሉንም በእናንተ ገንዘብ ተራ በተራ ይሞክራል። መካኒኩ ግን አንዱን ያረጋግጣል።

ጎበዝ መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል። “የሚያስቸግርህ ጠዋት በብርዱ ነው ወይስ ሞቆ ቆሞ ስትመለስ?” ይህ ጥያቄ ካልመጣ ልብ በሉ። ሞቆ ከቆመ ከሩብ ሰዓት በኋላ አልነሳ የሚል ከሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ቤንዚን አጥግቦት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሽታውን ቦታ ይጠይቃል። ሽታው ከጭስ ማውጫው ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ከኋላ ወንበር በኩል ከሆነ ሰልባትዮውና የፖምፓው ክዳን ይታያሉ። ከኮፈኑ ሥር ከሆነ ግን ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማል፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚፈስ ቤንዚን እሳት ነው። እዚህ ላይ ሲጋራ ይዞ የሚያጎነብስ ወይም ጨለማውን በላይተር የሚያይ ሰው ከገጠማችሁ፣ ዝናው የቱንም ያህል ቢወራ መኪናችሁን በእጅ ገፍታችሁም ቢሆን አውጡ።

ከዚያ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ። የእኔ ዓይን ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ፈትቶ አንድ ጣሳ ውስጥ ይጥላቸዋል፤ ያኔ ምስክርነታቸው ጠፋ። ባለሙያው ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቶ ከአንደኛው እስከ አራተኛው በየሲሊንደራቸው ተራ ይደረድራቸዋል። የጤነኛ ካንዴላ ጫፍ ደረቅ ነው፤ ምጣድ ላይ ገና መቅላት የጀመረ ቡና ይመስላል። አራቱም እንደ ምጣድ ቂጥ እኩል ጠቁረው ከሆነ ጥፋቱ ለሁሉም የሚደርስ ነገር ላይ ነው፦ የሙቀት ሴንሰር፣ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ፣ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ። ሦስቱ ደርቀው አንዱ ብቻ ረጥቦ ከሆነ ደግሞ ወይ የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ያፈሳል፣ ወይ ካንዴላው እሳት አይሰጥም። ይህን ለመለየት ሱቅ መሄድ አያስፈልግም። የረጠበውን ካንዴላ ያደርቅና ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጠዋል። ርጥበቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ታወቀ፤ ባለበት ከቀረ ወደ ቦቢናው፣ ወደ ገመዱና ወደ ኢንጀክተሩ ይዞራል። ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ የተገኘ እውነት ነው፤ እንዲህ ሲሠራ ሳይ ደስ ይለኛል።

“ኮምፒውተር ይመታ” የሚባለውን አልቃወምም። ግን ኮዱ ፍርድ አይደለም። ፒ0172 የሚል ኮድ ድብልቁ ላይ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ያንንማ አፍንጫችሁ ነግሯችኋል። ለምን እንደበዛ የሚነግረው መለኪያ ነው። የውሃው ሙቀት ሴንሰር በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቴስተሩ የቀዝቃዛውን ቁጥር ካነበበ፣ የመኪናው ኮምፒውተር ውሸቱን አምኖ ቤንዚን እየጨመረ ነው። የነዳጁም ግፊት እንዲሁ ይለካል። ሞተሩ ጠፍቶ 5 ደቂቃ ሲቆይ ግፊቱ ወደ 1.5 ባር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ መቆየት አለበት። ከወረደ በየት በኩል እንደወረደ ይፈለጋል። የፖምፓው ማገጃ ላልቶ ነዳጁ ወደ ሰልባትዮው ከተመለሰ ሞተሩ ቶሎ አይነሳም፣ ግን አይሸትም። ሽታ እያለ “ፖምፓ ነው” የሚላችሁን ሰው እንግዲህ በምን አወቅህ በሉት።

ካርቡራተር ያለው የቆየ መኪና የያዛችሁ፣ የእናንተ ነገር ትንሽ ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተለካ ካርቡራተር ይህን ስለማያውቅ ቤንዚን ያበዛል። ሚኒሞውን ብቻ ከፍ አድርጎ የሚሸኛችሁ ሰው ችግሩን ሸፈነው እንጂ አልነካውም። ጥሩው ካርቡራተሩን ፈትቶ ቤንዚን የምትዘጋውን መርፌ ያያል፤ ጫፏ ላይ የተበላ ቀለበት ካለ በጥፍሩ ዳስሶ ያሳያችኋል።

በራሴ ኮሮላ የደረሰብኝን ልናገር። አንድ ጋራዥ መጀመሪያ ሞተሪኖ፣ ቀጥሎ ፖምፓ ቀየረልኝ፤ ኢንጀክተሮቹንም አጠበ። በየጊዜው “አሁን ተስተካክሏል” ተብዬ ሞተሩ እንደሞቀ እረከባለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ያው ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ደረስኩ። የመፍቻ ሣጥናቸውን ለመክፈት አልቸኮሉም። ሁሉንም ከጠየቁኝ በኋላ በነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ራስ ላይ ያለችውን እርሳስ የምታክል የጎማ ቱቦ ነቀሉ፤ አሸተቷት፤ ወደ እኔ አስጠጓት። “አሽትት እስቲ።” ቱቦዋን መዳፋቸው ላይ ሲያራግፏት አንድ ጠብታ ወረደች፤ ወዲያው ተነነች፣ ሽታዋ ቀረ። “ይቺ ቱቦ ውስጧ ደረቅ መሆን ነበረባት፤ ሥራዋ ከአየር ጋር ነው” አሉኝ። የመቆጣጠሪያው ስስ ጎማ ተቀዶ ቤንዚኑ በዚያች ቱቦ በኩል ወደ ሞተሩ ይሳባል ኖሯል። እኔ የከፈልኩባቸው ዕቃዎች ሁሉ ደህና ነበሩ።

በእኔ ዘንድ ያስከበራቸው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበው አሸተቱ። ዘይቱ ከልኩ ከፍ ብሏል፣ ቤንዚን ይሸታል። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ብሮንዚና ይበላል፤ ስለዚህ ዘይቱና ፊልትሮው ሳይቀየሩ መኪናውን አልሰጥም አሉ። የተበላሸውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። መኪናው አደረ፤ ጠዋት እኔ ባለሁበት በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

ስለዚህ መኪናችሁን ልትረከቡ ስትሄዱ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ “አድሮ ይቀዝቅዝ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ” በሉ።