«ስላክ» እና ተቃራኒዎቹ

«ስላክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ የተርጓሚው እጅ ፈጥኖ የሚያርፈው «ላላ» ላይ ነው። ምርጫው ከስሕተት ባይቆጠርም ብዙ ጊዜ ጎደሎ ይሆናል፤ ቃል የሚለካው በተቃራኒው ነውና። የ«ላላ» ተቃራኒ «ጠበቀ» እንደመሆኑ ስለ ቋጠሮ፣ ስለ ብሎንና ስለ ቁጥጥር ሲነገር ይስማማል፤ የሰዋስው ሊቃውንትም ይህንኑ ጥንድ ተውሰው የፊደልን አነባበብ ለይተውበታል፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል። የገመድ «ስላክ» ግን ከመጥበቅ ይልቅ ከመወጠር ጋር የሚቃረን ነው፤ ስለዚህ ቀጥተኛ አቻው «ረገበ» ይሆናል። ገመድ በሁለቱም ጫፍ ጥብቅ አድርገው አስረውት መሐሉ ሊረግብ ይችላል፤ «ላላ» የሚለው ትርጉም ግን አንባቢውን ወደ ቋጠሮው ይወስደውና የሌለ ጉድለት እንዲፈልግ ያደርገዋል። የክራር ክር ሲረግብ ድምፁ እንደሚወርድ የሚያውቅ፣ የሁለት አገሮች ውጥረት «ረገበ» ሲባል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት ሳይማረው ይዞታል፤ የሚዘነጋው መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ብቻ ነው።

ስለ ገበያ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ቃላት አይሠሩም፤ ገበያ የሚደራና የሚቀዘቅዝ እንጂ የሚወጠርና የሚረግብ አይደለም።

ቃሉ ወደ ሰው ሲሻገር «ሰነፍ» ተብሎ መተርጎሙ የተለመደ ቢሆንም፣ «ሰነፍ» ችሎታ ያነሰውንም የሚጨምር በመሆኑ ሚዛኑ ይዛባል። «ስላከር» የሚባለው እየቻለ ጉልበቱን የሚቆጥብ ሰው ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ከውትድርና ምልመላ የሚሸሸውን በዚሁ ስም ይነቅፉት ነበር። አማርኛ ለዚህ «ልግመኛ» የሚል ቃል አለው፤ እንዲያውም መለገም ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑን ስለሚያሳይ ከእንግሊዝኛው የተሳለ ነው ማለት ይቻላል።

አስቸጋሪው «ስላክ» ስም ሆኖ ሲመጣ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይል ሥራ የዳበረው «ፐርት» የተባለ የሥራ ዕቅድ ስልት፣ አንድ ተግባር የጠቅላላውን ሥራ ማብቂያ ሳያስተጓጉል ሊዘገይ የሚችልበትን ጊዜ በዚህ ቃል ይጠራዋል፤ ሦስት ቀን የሚፈጅ ተግባር አምስት ቀን ካለው «ስላኩ» ሁለት ቀን ነው ማለት ነው። ይህን «ትርፍ ጊዜ» ማለት ከዕረፍትና ከመዝናኛ ጋር ያምታታል፤ «የመዘግየት ወሰን» ረዘም ቢልም ያስኬዳል።

የባሕር ሰዎች ደግሞ የባሕር ሙላቱ አቅጣጫውን ሊቀይር ሲል ፍሰቱ ለአፍታ የሚቆምበትን ጊዜ «ስላክ ውሃ» ይሉታል፤ «የረጋ ውሃ» ተብሎ ብቻ ቢተረጎም አንባቢው ኩሬ ስለሚያስብ፣ «ለመመለስ የቆመ» የሚል ማብራሪያ አብሮት መግባት ይኖርበታል።